የብርቱካን ምስክርነት

ሐሙስ
ባለቤቴ ብርቱካን ዛሬ የአንገቷን ፕላስተር አነሳች። እብጠቱ ተቆርጦ ለምርመራ ከተላከ ወዲህ እኔ እንቅልፍ የለኝም፤ እሷ ሐይቅ ዳር እየዘመረች ዓሣ ትጠብሳለች። ጎሚስታ ነኝ፣ ጎማ ሲፈነዳ አልደነግጥም። ስልክ ሲጮህ ግን ዘልዬ እነሳለሁ።

የኤችአይቪ መድኃኒቷን ለዓመታት ሳታዛንፍ ወስዳለች። ቫይረሱ በደሟ አይታይም ሲሉን ተገላገልን ብዬ ነበር። ሐኪሟ ግን «መድኃኒቱ የሊምፎማን ስጋት ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም» አለችን። የንፍፊት ካንሰር ማለት ነው። ምነው ባልሰማሁ!

ዓርብ
በቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ልምምድ ነበር። ፕላስተሩ የለም፣ እብጠቱም የለም። «ተፈወሰች!» ብለው እልልታውን አቀለጡት። ሐኪም እንደቆረጠው ማን ይንገራቸው? የጸሎት ቡድን መሪዋ እማማ ብዙነሽ ለእሁድ ምስክርነት አስያዟት።

«ጌታ ይመስገን ብለሽ ውረጂ» አልኳት። ቫይረሱ እንዳለባት ከእኔና ከሐኪሞቿ በቀር የሚያውቅ የለም። «እናያለን» ብላኝ መዝሙሯን ማንጎራጎር ቀጠለች። አነጋገሯን አልወደድኩትም።

እሁድ
ብርቱካን መድረክ ላይ ወጣችና ማይኩን ያዘች።

«አልተፈወስኩም። ቆርጠው ነው ያወጡት፣ ውጤቱ ገና ነው። ኤችአይቪ አለብኝ፣ መድኃኒቴንም በአግባቡ እወስዳለሁ። እንደኔ የሆናችሁ፣ አንገታችሁንና ብብታችሁን ዳብሱ። እብጠት ካለ ለሐኪም አሳዩ እንጂ አትደብቁ።»

ከዚያ መዝሙሯን ዘመረች!  አፈርኩ? በፍጹም። ኮራሁባት። እኔ ወንዱ ዝም በይ ያልኩትን እሷ በአደባባይ ተናገረችው። እማማ ብዙነሽ ግን ሳይሰናበቱን ወጡ።

ሰኞ
ማታ እማማ ብዙነሽ መጡ። ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አደረጉና «ልጄ፣ እስቲ እዚህ ጋ ንኪኝ» አሏት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔም እንዳንቺው ነኝ። ሰው እንዳያየኝ መድኃኒቴን የምወስደው ራቅ ብዬ ቱላ ከተማ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነው። እብጠቱን በጸሎት ይዤው ነበር።»

ብርቱካን ዳሰሰቻቸው። «ጸሎቱን አይተዉ፣ እማማ። ነገ ግን አብረን እንሄዳለን» አለቻቸው።

ማክሰኞ
የብርቱካን ውጤት ወጣ። ሊምፎማ ነው።

ሐኪሟ «በጊዜ መጥታችኋል፣ ሕክምና አለው» አለች። መንገዱ ቀላል እንዳልሆነም አልደበቀችንም። አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ። ብርቱካን እጄን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችኝና በሩን ከፈተች።

«እማማ፣ የእርስዎ ተራ ነው፤ ይግቡ። እኔ አለሁ።»