የሩፋኤል ዕለት ባኞ

ይድረስ ለአባዬ፣ በሰማይ ቤት፤ እዚያም ጣራ ላይ እንደምትገኝ እገምታለሁ።

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ጤናህን አልጠይቅም፤ ከአንተ ይልቅ የሚያሰጋው የእኛ ጤና ነው። እኔ ግን ከትናንት ጀምሮ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ እርሳሱ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወድቋል። ወሬውን ከመጨረሻው ልነግርህ ነበር፤ ግን «ወሬን እንደ አህያ ከኋላ የሚቀርብ ይረገጣል» ትለኝ ስለነበር ከፊት እጀምርልሃለሁ።

ኮልፌ እንዳለች ናት፤ ጭቃዋም እንዳለ ነው። ጣልያን መንገድ አወጣለሁ ብሎ ቀን ድንጋይ ይደፋል፣ ጭቃችን ደግሞ ሌሊቱን ድንጋዩን ሲውጥ ያድራል። ቀይዋ ዶሮ ሞተች። እናትህ ግን፣ አያቴ ማለቴ ነው፣ «ተሰርቃ ነው እንጂ አልሞተችም» ይላሉ፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ እዚህ ቤት የሚሞት ነገር ያለ አይመስላቸውም። ጋሼ ዘውዴ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ ከእኛ ጋር መኖር ጀምረዋል። መንገድ ሥራው ላይ ሦስት ሳምንት ድንጋይ ሲፈልጡ ቆዩና የጣልያንኛ ሊቅ ሆነው ተመለሱ። አሁን በር ሲገቡ ለማስፈቀድ «ፐርሜሶ» ይላሉ፤ አህያዋንም ወደፊት ለማስኬድ «አቫንቲ» ይሏታል፣ አማርኛ እንኳ አልሰማ ያለችውን አህያ! አንድ ቀን «ዶማኒ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው «አይሆንም ማለት ነው» አሉኝ። «ነገ ማለት ነው ሲሉ ሰማሁ እኮ» ብላቸው፣ «ያው ነው! ጉዳይሽን ይዘሽ እነሱ ቢሮ ሂጂና ነገ ሲሉሽ ታዪዋለሽ» አሉኝ። እዚህ ላይስ እውነታቸውን ነው።

የእማዬን ነገር ልንገርህ። አንተ የአገሩን ቤት ሁሉ በሣር ስትከድን የራሳችን ጣራ አልጋው ላይ ያፈስ እንደነበር መቼም አትረሳውም። ባለፈው ዓመት በሰኔ «የሰው ቤት ከዳኝ! ሚስትህ ከነአልጋዋ ጎርፍ ሲወስዳት ያኔ ትከድናለህ!» ብላ ጮኸችብህ። አንተም እየሳቅህ በዚያ ዶፍ ጣራ ላይ ወጣህ፤ ከደንከው፤ እንደ አይጥ ረጥበህ ወረድክ። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳቱ ያዘህ፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሣህም። ሰው ሁሉ «ተስቦ ነው» አለ። እማዬ ግን «ዝናቡ ነው፤ ዝናብ ውስጥ ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ» አለች። ከዚህ ቃል ንቅንቅ አላለችም።

ያ የከደንከው ጥግ እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ አላስገባም። ዝናብ በመጣ ቁጥር እማዬ ሥሩ ሄዳ ትቀመጥና ሽቅብ ታየዋለች። ምነው ባፈሰሰ እላለሁ። ተዝካርህ ወጥቶ፣ ዓመቱ አልፎ፣ አያቴ ራሳቸው «በቃሽ ልጄ፣ ከሉን አውልቂው» ቢሏት እምቢ አለች። ሳቋማ ጨርሶ ጠፋ። እንደምትጥል ዶሮ ቋ ቋ ቋ እያለች ስትስቅ አንተ «ሚስቴ ስትስቅ ጎረቤት እንቁላል ፍለጋ ይመጣል» ትል ነበር። ክረምቱን በሙሉ እሷን ማሳቅ ሥራዬ ሆኖ ከረመ። የንስሐ አባታችንን ሳል፣ የጋሼ ዘውዴን ጣልያንኛ፣ የአያቴን ማንኮራፋት፣ ሁሉንም እያስመሰልኩ አቀረብኩላት። አንድ ጊዜ ብቻ «ጎሽ» አለችኝ። ጎሽ! ለበግ ጠባቂ ውሻ የሚባለውን!

እንግዲህ ትናንት ጳጉሜ ሦስት ነበር፣ ሩፋኤል። አያቴ ከማለዳው ተነሥተው «የሩፋኤል ጠበል ሳይነካው አዲስ ዓመት የሚገባ ሰው በዚህ ቤት አይኖርም፤ ሁላችንም ቀራንዮ ቁልቁል ወንዝ ወርደን እንታጠባለን» ብለው አወጁ። እማዬ «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ እኔ አልወጣም» አለች። ያን ጊዜ ዋሸሁ፤ አባዬ ይቅር በለኝ። «ጀርባዬን እከክ ጨረሰኝ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ያለ ሩፋኤል ውኃ አይለቀኝም» ብዬ ግድግዳው ላይ እንደ ላም ተፈተግሁ። እማዬ አየችኝ አየችኝና ነጠላዋን አነሣች።

መንገዱ ላይ ያለው ኬላ ስንደርስ ወታደሩ እጁን ዘረጋና የሆነ ነገር ጠየቀ። ጋሼ ዘውዴ «ወዴት ነው የምትሄዱት ማለቱ ነው፣ ለእኔ ተዉት» ብለው ወደፊት ወጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ «ባኞ!» አሉ። መታጠቢያ ማለት እንደሆነ ከመንገድ ሥራው ካምፕ ተምረውታል። ወታደሩ አሁንም እጁን ዘርግቷል። «ባኞ! ቱቲ ባኞ! ፋሚሊያ ባኞ!» እያሉ ጣታቸውን በሁላችንም ላይ አዞሩ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ወንዛችን እንወርድ ነበር። እሳቸው ግን የእኔን እከክ ማስረዳት አማራቸው። ወደ እኔ ጠቆሙና ራሳቸውን አከኩ፤ ብብታቸውን አከኩ፤ ጀርባቸውን ለመድረስ ተጠማዝዘው አከኩ። ወታደሩ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ፊሽካውን ነፋ። ካሚዮን መጣ።

በካሚዮን የተወሰደ ሁሉ እንደማይመለስ አንተም ታውቃለህ። እማዬ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው። ጋሼ ዘውዴ መጀመሪያ «ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው» ሲሉን ነበር፤ ወደ አስኮ መንገድ ስንታጠፍ ጣልያንኛው አለቀባቸውና «እግዚኦ» ማለት ጀመሩ። አያቴ አንድ ጊዜ አማተቡ፣ ከዚያ ነፋሱ ፊታቸውን ሲመታቸው «አይ ፍጥነት! ሊሰቅሉን ከሆነም እንዲህ አድርገው መውሰዳቸው ደግ ነው» አሉ።

የወሰዱን ከሠራተኞች ካምፕ ጀርባ ወዳለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ለካ ቅማል ያለበትን ሰው የሚያጥቡበት፣ ልብሱንም የሚቀቅሉበት ባኞ ኖሯል! ወንድ በአንድ በኩል፣ ሴት በአንድ በኩል። እኛን የተቀበለችን አንዲት የጎጃም ሴት ናት፤ ደግ፣ ግን ቸኳላ። «ልብሳችሁን አውልቁ፣ የቤተሰቡ ሁሉ፣ የወንዱም ጭምር፣ እዚህ አንድ ከረጢት ውስጥ» አለችን። አያቴ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ጠፍረው «ባሌ እንኳ ያላየውን?» አሉ። በስንት ልመና ገቡ።

ውኃው ከላይ ከቧንቧ ይወርዳል። አባዬ፣ ሙቅ ነው! ሙቅ ዝናብ! አያቴ መጀመሪያ ደርቀው ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉና ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ እልል አሉ። «ሩፋኤል! ለአሮጊቷ ብለህ አሞቅህልኝ!» ሴትየዋ «እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ ከማለዳው ጀምሬ ስማግድ ያሞቅሁት» አለቻቸው። «ዝም በይ፤ አንቺንስ ማን ቀሰቀሰሽ?» አሏት። ቆይተው ግን ሳሙናውን አሸተቱና «ጣልያን አገራችንን ወስዶ ሳሙና ሰጠን» አሉ፣ ለራሳቸው፣ በቀስታ።

እኔ በሳቅ ልሞት ነው። እማዬን አየኋት፤ ውኃው ሥር አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤ ምንም የለም። ሴትየዋ የእኔን ፀጉር እየገላለጠች ማየት ጀመረች። እማዬ «ምን ትፈልጊበታለሽ?» አለቻት።

«ቅማል ነዋ። ተስቦ የሚያመጣው እሱ ነው።»

እማዬ ቀና አለች። «ዝናብ አይደለም?»

«ዝናብ? ዝናብማ የሚገድል ቢሆን አበሻ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለቀ ነበር! እዚህ የሚያክመው ሐኪም ነው የነገረን። ሰው ተጠጋግቶ ሲያድር ቅማሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል፤ ከነከሰው በኋላም በሽታው እስኪነሣ አሥር ቀን፣ አሥራ አምስት ቀን ይቆያል።»

እማዬ «ባሌ ከመታመሙ በፊት የሠራተኞቹን ሰፈር ሊከድን ሄዶ ሁለት ሳምንት እዚያ አድሮ ነበር» አለች። «ሲመለስ ያሳክከው ነበር።» ከዚያ እንደገና «ዝናብ አይደለም?» አለች። ሴትየዋም አሁን ነገሩ ገባትና መፈለጉን ትታ ፊቷን ወደ እማዬ አዞረች። «አይደለም እቴ» አለቻት። እማዬ ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች። ሴትየዋ ሦስተኛ ጊዜ መለሰችላት፤ አልተቆጣችም። አያቴ ሳሙናውን አስቀምጠው ወደ እማዬ ጠጋ አሉ። እማዬ አለቀሰች መሰለኝ፤ ውኃ ሥር ቆሞ ማን እንደሚያለቅስ ማን እንደሚታጠብ አይለይም።

ብርድ ልብስ ተከናንበን የተቀቀለው ልብሳችን እስኪደርስ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ጋሼ ዘውዴም ከወንዶቹ በኩል መጡ፤ ራሳቸውን ላጭተዋቸዋል፣ ያ የሚኮሩበት ሪዛቸውም የለም። የተላጠ ድንች መስለዋል። እኔ አፌን በብርድ ልብሱ አፈንኩ። ከዚያ ሴትየዋ ከረጢቱን አምጥታ ወለሉ ላይ ገለበጠችው።

አባዬ፣ የእማዬ ከል ቀለሙን ለቋል! እቤት የነከረችው ጥቁር በፈላ ውኃ ወጥቶ የሁላችንን ልብስ አዳርሶታል። የጋሼ ዘውዴ ጋቢ አመድ፤ የአያቴ ነጠላ አመድ፤ የእኔ ቀሚስ አመድ። የእማዬም ሳስቶ ሳስቶ ከእኛ ጋር አንድ ሆኗል። ጋሼ ዘውዴ ጋቢያቸውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ በዚያ በተላጨ ፊታቸው፣ «ለመሆኑ አሁን የሞተው ማነው?» አሉ።

«የአንተ ጣልያንኛ ነዋ» አሉ አያቴ።

መጀመሪያ ስቅታ መሰለኝ። ዞር ስል እማዬ ናት። ቋ አለች። አፏን ያዘች። ከዚያ ቋ ቋ ቋ ቋ! ወደ ጎን ወደቀች፤ ብርድ ልብሱ ተንሸራተተ፤ ተነሥታ ጋሼ ዘውዴን ስታያቸው እንደገና ወደቀች። ሴትየዋ «ምን ነካቸው?» ብላ ሮጣ መጣች። አያቴ እየሳቁ፣ እንባቸው እየወረደ፣ «ተዪያት፣ ተዪያት፣ አንድ ዓመት የተጠራቀመ ነው» አሏት። ያን ጊዜ ምን አደረግሁ መሰለህ? ሳሳቃት የከረምኩት እኔው ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ለቀውን በእግራችን ስንመለስ ዝናቡ መጣ። የሩፋኤል ዝናብ፣ እውነተኛው፣ ቀዝቃዛው። አያቴና ጋሼ ዘውዴ «ገና አሁን ታጥበን!» እያሉ ዛፍ ሥር ሮጡ። እማዬ አልሮጠችም። መንገዱ መሐል ቆመች፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች፣ ፊቷን ለሰማይ ሰጠችው። አያቴ ከዛፉ ሥር ይጮሃሉ፣ እሷ አትሰማም። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። ብዙ ቆየን። ከዚያ «አንቺ መጻፍ ትችያለሽ» አለችኝ። «ለአባትሽ ጻፊለት። በዝናቡ እንዳልሆነ ንገሪው። እሱስ ያውቅ ነበር፤ ቢሆንም ንገሪው።»

ይኸው ነገርኩህ። በዝናቡ አይደለም፤ በእሷም አይደለም። አንተም ጣራ ላይ ስትወጣ እየሳቅህ እንደነበርህ እኔ አይቻለሁና ለእሷ ነገርኳት፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሳልነግራት መቅረቴ እስከ አሁን ይገርመኛል። ዛሬ ጠዋት ስምህን በሙሉ ድምፅ ጠርታ ስለ አንተ ለአያቴ ስታወራ ሰማኋት፤ አያቴም «እንዲያ አልነበረም!» እያሉ ይከራከሯታል። እኔም ከጎናቸው ሆኜ የማውቀውን እጨምራለሁ፤ የማላውቀውን ደግሞ እፈጥራለሁ፣ አንተም እንዲያ ታደርግ ነበርና። አባዬ፣ ለልጆቼም፣ ለልጅ ልጆቼም እነግራቸዋለሁ። ማንም ስለ አንተ ሰምቶ አንገቱን ደፍቶ አይሄድም። እስካለሁ ድረስ ሰውን እያሳቅሁ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ፣ «ሚጥሚጣ» ያልካት።