ይጠብቃል ወይስ ይላላል

መጋቢት ፰፣ ሰኞ፤ ከቀኑ በ፱ ሰዓት

ዛሬም መለሱት። የመጨረሻው ክፍል፣ እንደ ገና። ቀይ እስክሪብቶ በየገጹ እንደ ኩፍኝ ወጥቶበታል።

አንተ ማስታወሻ፣ ቁጣዬን የሚችልልኝ ከአንተ በቀር ማን ቀርቶኛል? ከቅኔ ቤት ወጥቼ ዕድሜዬን በመንግሥት ት/ቤት ሰዋስው ሳስተምር የጨረስሁ ሰው፣ ጡረታ በወጣሁ ማግሥት ለሬዲዮ ድራማ ጻፍልን ቢሉኝ እሺ ብዬ፣ ስለ ሰማይ የማውቀውን ከባሕረ ሐሳብ፣ የማላውቀውን ከተማሪዎች የሳይንስ መጽሐፍ ለቅሜ፣ የሰው ልጅ በመርከብ ወደ ሩቅ ኮከብ ሲጓዝ የሚያሳይ «መርከበ ኮከብ» የተባለ ተከታታይ ድርሰት ባዘጋጅ፣ አገሩም እሑድ እሑድ ሬዲዮ ከቦ ሲያደምጠው ቢከርም፣ እነሆ በፍጻሜው ደጃፍ ላይ ቋንቋ ያልፈጠረበት ካድሬ መጥቶ የእናቲቱን አፍ ይዘጋባት?

እናቲቱ። የነገሩ ሁሉ እምብርት እርሷ ናት። ልጇ ናሁ በመርከቢቱ ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል፤ እርሷም በየክፍሉ መጨረሻ በመገናኛው መሣሪያ ፊት ተቀምጣ «ናሁ፣ ልጄ፣ ትሰማኛለህ?» ትላለች። መልስ የለም። በፍጻሜውም የጻፍሁት፣ ሹማምንቱ መሣሪያውን ሲያጠፉባት እርሷ በጠፋው መሣሪያ ፊት እንደ ተቀመጠች መጣራቷን ስትቀጥል ነው። አለቀ። ልጁ ይሙት ይኑር አይነገርም።

የባህል ክፍሉ ኃላፊ ጓድ መኩሪያ ግን ይህ ተስፋ መቁረጥ ነው አለ። ጠፈርተኛው በክብር ሞቷል ይባል፤ ሞቱንም እናቲቱ ራሷ፣ ያለ እንባ፣ በኩራት ታብሥር።

ታብሥር! ከመቼ ወዲህ ነው ሞት የሚበሠረው?

መጋቢት ፲፣ ረቡዕ፤ መስቀል

ሌሊቱን በንዴት ተገላበጥሁ። ስለ እታገኝ እስከ ዛሬ አልጻፍሁልህም፤ መጻፉም ያስፈራ ነበር።

እናቲቱን የምትጫወተው ወ/ሮ እታገኝ ናት፤ በልጅነቷ ሰዋስው ያስተማርኋት፣ ዛሬ ራሷ መምህርት ሆና እንኳ «የኔታ» ማለቱን ያልተወችው። ልጇን ዳዊትን ከማዕድ አስነሥተው ወሰዱት። ሁለት ክረምት አለፈ። ሞቷል ያላት የለም። በሕይወት አለ ያላትም የለም። ስንቅ አንጠልጥላ በየበሩ ስትዞር «እዚህ የለም» ከመባል በቀር አንዲት ቃል አላገኘችም። ድንኳን አልጣለችም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አላጣፋችም። በዚያ ጊዜ ለልጇ ያለቀሰች እናት በልጇ ወንጀል አብራ እንደምትጠየቅ የጎንደር ሰው መቼ ያጣዋል? ጎረቤት እንኳ «እግዜር ያጽናሽ» ለማለት ግራ ቀኙን ያያል። ሲቆይ ግን ዝምታዋ ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ልጄ ሞቷል ብላ አታውቅም። አትልምም።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው፣ አገር በሚሰማው ሬዲዮ፣ በገዛ አንደበቷ ልጇን እንድትቀብር የሚያዝዟት።

ድርሰቱን መልሱልኝ፣ እተወዋለሁ አልሁ። ድርሰቱ የሕዝብ ሆኗል፣ እርስዎ ባይጽፉት ሌላ ይጽፈዋል ተባልሁ። ሴትዮዋስ እምቢ ብትል? ጓድ መኩሪያ ፈገግ አለ። እምቢታዋ ከልጇ ፋይል ጋር ይያያዛል አለኝ። እንደ ቀላል ነገር።

መጋቢት ፲፪፣ ዓርብ፤ ሚካኤል

ከጓድ መኩሪያ ቢሮ አሁን ተመለስሁ። ራሱ ጻፈው! የእናቲቱን ንግግር በሙሉ ሰርዞ አንዲት ሐረግ አስቀረላት፤ የቀረውን በአንድነት ለሚጮኹት ተዋንያን፣ ለኅብረ ድምፁ ሰጠው። ቃል በቃል እገለብጥልሃለሁ፦

እናት (በኩራት)፦ «በመጨረሻም ልጄ አለ፦»
ኅብረ ድምፅ፦ «ሞቴ ለሰፊው ሕዝብ ድል ነው!»

ግፉን ለጊዜው ልተወውና አማርኛውን ተመልከትልኝ። አማርኛ የተናጋሪውን ቃል አስቀድሞ ግሡን በስተ ኋላ እንደሚያሳርፍ፣ ያዳመጥነውን ሁሉ ተሸክመን በመጨረሻ «አለ» ስንል ብቻ ሸክማችንን እንደምናወርድ፣ የላም እረኛ እንኳ ሳይማር የሚያውቀውን ሕግ፣ ይህ ሰው ከየትኛው የትርጉም በራሪ ወረቀት እንደ ገለበጠው እንጃ፣ ግሡን ከፊት ገትሮ ንግግሩን ከኋላ ጎትቶ ቁጭ አደረገው። አልቻልሁም። ይቅር፣ ግን ቢያንስ «እንዲህ» የምትለዋን ጨምርባት፤ «ልጄ እንዲህ አለ» ይባል ብዬ ተሟገትሁ።

«አባባ!» አለኝ እየሣቀ። «'እንዲህ አለ' እኮ የወንጌል አነጋገር ነው። ጠፈርተኛችንን ሐዋርያ ሊያደርጉብን ነው?»

ታይፒስቷ አቀርቅራ ሣቀች። እኔ ዐሥር ጊዜ ተሟገትሁ፤ እርሱ ዐሥር ጊዜ ሣቀ። በመጨረሻ ማኅተሙን አነሣና ገጹን መታው፤ ከዚህ በኋላ በዚህ ላይ አንዲት ቃል የሚጨምር፣ አንዲት ቃል የሚቀንስ ይጠየቃል አለ። ከወንጌል ሸሽቶ፣ በቃሉ ላይ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን በሚያስጠነቅቀው በዮሐንስ ራእይ ላይ መውደቁን የነገረው የለም።

መጋቢት ፲፬፣ እሑድ፤ ኒቆዲሞስ

ከፍጻሜው በፊት ያለው ክፍል ዛሬ ተላለፈ። ገበሬው ደሴ ከትክል ድንጋይ እህል ይዞ መጥቶ ነበርና አብረን ሰማን፤ የእናቴ አገር ሰው ነው፣ ይህን ድራማ ሳይሰማ ከከተማ አይወጣም። እታገኝ «ናሁ፣ ልጄ፣ ትሰማኛለህ?» ስትል ወደ ሬዲዮው ተጠጋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ምነው አያ? ያን የመሰለ ሸጋ ልጅ ሰማይ ላይ ጥለውት ሊቀሩ ነው?»

በእጄ አይደለም አልሁት።

«የማን እጅ ነው ታዲያ? ጸሐፊው አንቱ አይደሉ? ማኪናው ተበላሽቶ እንደሁ ያስጠግኑት!»

ደሴ ላይ ጮኽሁበት። ምን በደለኝ? አንድ ገበሬ የሚጠይቀውን ጥያቄ እኔ ለዚያ ቢሮ መጠየቅ ስላቃተኝ ነው የጮኽሁት። ቆሎ ሰጥቼ ሸኘሁት። ቅር አላለውም፤ በሆሣዕና እመለሳለሁ፣ እስከዚያ ልጁን ያምጡት ብሎኝ ሄደ።

መጋቢት ፲፮፣ ማክሰኞ፤ ኪዳነ ምሕረት፤ ጧት

ለዓርቡ ቀረጻ የተዋንያኑን ቅጂ ሳሰናዳ አረፈድሁ ልልህ ነበር፤ አላረፈድሁም። ብዕሬ ቆሟል።

ልማዴን ታውቃለህ። ፊደላችን ባለጸጋ ሳለ አንድ ነገር ጎድሎታል፤ የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይም። «ገና» ብለህ ብትጽፍ በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር፣ ወረቀቱ አይነግርህም፤ አንባቢው ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ተዋንያኑ በማይክሮፎን ፊት እንዳያሳፍሩኝ በአጠራጣሪው ፊደል ራስ ላይ በትንሹ ምልክት አኖራለሁ፤ ከጠበቀ «ጥ»፣ ከላላ «ላ»። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እንዲሁ ነው የሠራሁት፤ ተዋንያኑም ከምልክቴ ፈቀቅ አይሉም።

«በመጨረሻም ልጄ አለ፦» እዚህ ደረስሁ። እጄ በልማድ «ላ» ሊጽፍ ዝቅ አለ።

ላልቶ ከተነበበ ልጄ ተናገረ ማለት ነው። ጠብቆ ከተነበበስ?

በመጨረሻም ልጄ አለ። ይኖራል። አልሞተም።

በእርሱ እጅ የተጻፈ፣ በእርሱ ማኅተም የታተመ! «እንዲህ» ገብታ ቢሆን ኖሮ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ እኔ ጅሉ ደግሞ በሩን ልዝጋ ብዬ ዐሥር ጊዜ ተሟግቻለሁ። ተሸንፌ ያመሰገንሁት ሙግት ይህ ብቻ ነው።

ያው ቀን፤ ከቀትር በኋላ

ደስታው በረደ። በራሴ ላይ ተቆጣሁ። ማን ነኝና ነው በሌላ ሰው ምላስ ቅኔ የምዘርፈው? ቃሉን የምታወጣው እርሷ፤ ቢነቁባት የምትያዘው እርሷ። እኔ በደጄ ፀሐይ እየሞቅሁ ብልሃቴን ላደንቅ? ምልክቱን ዝም ብዬ ጽፌ ብሰጣት እንደ ጓድ መኩሪያ ሆንሁ፤ እርሱም ያለ ፈቃዷ ነው አፏ ውስጥ ቃል የሚከተው።

ነገ እሄዳለሁ። እጠይቃታለሁ።

መጋቢት ፲፯፣ ረቡዕ

ሄድሁ። የተማሪ ደብተር ታርማለች። ሁሉን ነገርኋት፤ አደጋውንም አላሳነስሁም። ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ጣቷ በ«ለ» ላይ ቆየ።

«ታዲያ ይጠብቃል ወይስ ይላላል፣ የኔታ?»

እሱን አንቺ ወስኚ አልኋት።

«ኧረ! መምህሩ እርስዎ፣ ወሳኟ እኔ? እኔ እንደ ተማሪነቴ የተጻፈልኝን ምልክት አነባለሁ። ልጅ ሳለሁ የሚላላውን አጥብቄ አንብቤ በአርጩሜ የገረፉኝን ረሱት?»

ሣቅን። ከሣቃችን መካከል፣ አሁን ብትሳሳቺ የሚመቱሽ እኔ አይደለሁም፣ እነርሱ ናቸው አልኋት።

ሣቋን አቆመች። «እነርሱማ መትተውኝ ጨርሰዋል፣ የኔታ። ሌላ ልጅ የለኝም።»

ከዚያ የማርሚያዋን ቀይ እስክሪብቶ ከእጇ ተቀበልሁ። በ«ለ» ራስ ላይ «ጥ» ጻፍሁ። በትንሹ አይደለም፤ ዐይነ ስውር ሊዳብሰው እስኪችል አድርጌ። የማን እጅ እንደ ሆነም እንዳያጠራጥር በኅዳጉ ስሜን አኖርሁ። ነገር ከመጣ ተማሪዋ የመምህሯን ምልክት አነበበች፤ ይኸው ነው።

መጋቢት ፲፱፣ ዓርብ፤ ገብርኤል

ተቀረጸ።

ጓድ መኩሪያ ማዳመጫውን በጆሮው ሰክቶ የራሱን ቅጂ፣ ምልክት የሌለበትን፣ በጣቱ እየተከተለ ተቀመጠ። እታገኝ ቆማ አነበበች። አላለቀሰችም። «በመጨረሻም» አለች፣ ቀስ ብላ። «ልጄ» አለች። ከዚያ ያቺን ቃል አጥብቃ፣ በር እንደሚዘጋ ሰው ሳይሆን እግሩን መሬት ላይ እንደሚተክል ሰው፣ ጣለቻትና ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። ኅብረ ድምፁ ሞቴ ድል ነው እያለ ሲጮኽ የሌላ ሰው ሠርግ ይመስል ነበር።

ጓድ መኩሪያ ማዳመጫውን አውልቆ አጨበጨበ። «ይሄ ነው ኩራት ማለት! አያችሁ?»

በዐይኑ ነው የሚሰማው። ወረቀቱ ላይ የጻፈውን አየ፤ ያየውን ሰማ። ልስቅ ይገባኝ ነበር፤ ተቃጠልሁ እንጂ አልሣቅሁም። የአንዲትን እናት ሙሉ ጩኸት ከአጠገቧ ተቀምጦ የማይሰማ ሰው፣ በቋንቋዋና በልጇ ላይ ተሾሟል።

ቴፑ ነገ ከአዘዞ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

መጋቢት ፳፩፣ እሑድ፤ ሆሣዕና፤ ከምሽቱ በ፲፪ ሰዓት

እታገኝ ቤት ሰማነው። ደሴ ቃሉን ጠብቆ መጥቷል። ጎረቤት ሴቶችም ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የዘንባባ ቀለበታቸውን በጣታቸው እንዳሰሩ፣ ሁለት ክረምት ያልረገጡትን ደጅ ሬዲዮ ለመስማት ብለው ረገጡት።

ቃሏ ወጣች። ዝምታው መጣ። ከዚያ ደሴ ከመደቡ ተነሥቶ ጮኸ።

«አለ አለች! ሰማችሁ? አለ አለች እኮ!»

አንዷ ጎረቤት «ዝም በል አንተ፣ እንስማበት!» ብላ ገሠጸችው፤ ግን የሚሰማ አልነበረም፤ የኅብረ ድምፁን ጩኸት ከቤቱ ማንም አላደመጠውም። ያቺው ሴት ተነሣች። ቀለበቷን ከጣቷ አውልቃ ለእታገኝ አጠለቀችላትና «እሰይ! አለ፣ አለ» አለቻት። ሌላዋም ተነሣች። የትኛው ልጅ ብሎ የጠየቀ የለም። እታገኝ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ በራሷ ቤት፣ በሰው መካከል።

ደሴ «ሸጋ አደረጉት፣ አያ» አለኝ። ተሰናብቼ ወጣሁ።

ቤቴ ስደርስ የቀበሌው ተላላኪ ደጃፌ ላይ ቆሟል። ነገ ጧት ጽሑፉን ይዤ እንድቀርብ። ከአዲስ አበባ ስልክ ተደውሏል አለኝ፤ ስለ አንዲት ቃል አነባበብ። እነሆ በመካከላቸው ጆሮ ያለው ሰው አለ።

ነገ ሰሙነ ሕማማት ይገባል። ጋቢዬንና መነጽሬን አዘጋጅቻለሁ። ሴትዮዋ ምላሷን አዳለጣት ማለት እችላለሁ፤ አልልም። ጽሑፉም ማኅተሙም የጓድ መኩሪያ ነው ማለት እችላለሁ፤ እውነት ነው፣ እሱንም ካልጠየቁኝ አልልም። ስሜ ያለበትን ገጽ በፊታቸው ዘርግቼ፣ ስለዚያች ፊደል ሲጠይቁኝ፣ ዕድሜ ልኬን ለተማሪ ስመልስ እንደ ኖርሁት ቁርጥ አድርጌ እመልሳለሁ።

ቃሉ ይጠብቃል። እናቲቱም ትጠብቃለች።