አልፋለሁ ያልኩ ቀን

ጥር 3

ዛሬም ልምምድ። ጠዋት መሰናክል፣ ከሰዓት ከፍታ ዝላይ። ፍራሹን ከመጋዘን ስናወጣ አሎሎ ወርዋሪዋ አንዱን ጫፍ ብቻዋን ያዘች፣ ሌላውን እኔና ታላቅ እህቴ እትዬ።

«መቃ፣ አንቺ እንኳ ተይው። ፍራሹ ይዞሽ እንዳይሄድ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መቃ ብላ ስም ያወጣችልኝ አሎሎ ወርዋሪዋ ናት፣ ረጅምና ቀጭን ስለሆንኩ። አልከፋኝም። ቤት እያለሁ ይህን ቁመት የት እንደማደርገው ይጨንቀኝ ነበር። ሰው ሲመጣ ቶሎ እቀመጥ ነበር። እዚህ ግን ለአንድ ነገር ይጠቅማል።

እትዬ ጥቂት ዘልላ «ይበቃኛል» አለችና ተቀመጠች። ክፍላችን ስንገባ ጉልበቷ ላይ በረዶ አሰርኩላት። ምንም አላለችም። እኔም ምንም... ሁለታችንም እንዲህ ነን። እሷ መናገር ስለማትፈልግ፣ እኔ ስለምፈራ።

ጥር 9

ያለወቅቱ ዝናብ። ልምምድ የለም። ልብስ አጠብኩ፣ አልደረቀም።

ጥር 14

አሰልጣኙ ጠራኝ። ለብቻዬ ጠርቶኝ አያውቅም። ምን አጠፋሁ እያልኩ ሄድኩ። መጋዘኑ በር ላይ ቆመን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ከሻምፒዮናው በኋላ ክለቡ ለከፍታ ዝላይ አንዲት ሴት ብቻ ነው የሚይዘው። ከሁለታችን የበለጠችው ትቀራለች። ሌላዋ ክፍሉን ለቅቃ ወደ ቤት።

«እትዬ ታውቃለች?»

«ነግሬያታለሁ። ‹ለእሷ አትንገራት፣ ትፈራለች› ነው ያለችኝ።»

«ታዲያ ለምን ነገሩኝ ጋሼ?»

«ሳታውቂ ብታሸንፊያት ይሻልሽ ነበር?»

አሁን ቁጭ ብዬ እየጻፍኩም መልሱን አላገኘሁም።

ጥር 20

ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን የእትዬን ፎቶ ቆሜ አየሁት። በየቀኑ አልፈው ነበር፣ አይቼው ግን አላውቅም ማለት ይቻላል። ጦር ይዛለች፣ ክንዷ ወደ ኋላ፣ አፏ ተከፍቷል። በዕድሜ እኔን ታክላለች!

እሷ ስትጀምር እኔ ገና ድክ ድክ እል ነበር። ትምህርት ቤት አርፍዳ በሩ ቢዘጋባት አጥሩን ዘልላ ስትገባ አሰልጣኙ አያት ይባላል። እሷን ስትጠይቋት «ውሸት ነው፣ በሩ ክፍት ነበር። ዝም ብዬ ነው የዘለልኩት» ትላለች። ከዚያ ወደ ሰባቱ ገባች። ሰባት ዓይነት ውድድር በሁለት ቀን። መሰናክሉ፣ አሎሎው፣ ጦሩ፣ ሁሉም። መጨረሻ ላይ ስምንት መቶ ሜትር ይሮጣል። እሱን ስትጠላው! «ሰው ስድስት ሥራ ሠርቶ ደክሞት ሳለ ሩጥ ይባላል?» ትል ነበር። ግን ማንም አልቀደማትም። ስንት ዓመት ሙሉ ሻምፒዮን ማለት እሷ ነበረች።

አምና ጉልበቷ እንቢ አለ። መጀመሪያ ርዝመት ዝላዩን ተወች፣ ከዚያ ሰባቱን። የቀራት ከፍታው ብቻ ነው።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ሳቋርጥ እማ «እንግዲህ ምን ልትሆኚ ነው?» ብላ ስታለቅስ፣ «ለእኔ ስጪኝ» ብላ ያመጣችኝ እትዬ ናት። አልጋ ለምና፣ አሰልጣኙን ለምና። እና አሁን እኔ እሷን ከቦታዋ... እንዴት ተደርጎ?

ጥር 27

አንድ ሜትር ከሰባ አምስት ዘለልኩ። ሳላስበው። ፍራሹ ላይ ተንጋልዬ ቀና ብል አግዳሚው እንደተሰቀለ ነው። ማንም አልጮኸም። እትዬ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ክንድሽን አትቆልፊው» አለች። ከዚያ፣ «ጥሩ ነው።»

ጥሩ ነው ያለችው ደስ ብሏት ነው? ፊቷ ላይ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም።

የካቲት 4

ነገ ውድድር። ብወድቅላትስ? አግዳሚውን ሳይነኩ መዝለል ከባድ ነው፣ መንካት ግን ማን ያቅተዋል? ማንም አያውቅብኝም። እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ ቤት ብመለስም... ግን ቤት ተመልሼ ምን እሆናለሁ?

እንዲህ ማሰቤን ራሴም ባላውቅ በወደድኩ።

የካቲት 5

ዛሬ አልችልም። ነገ እጽፋለሁ።

የካቲት 6

እንደነበረ ልጻፈው።

አንድ ሰባ ሁለት ላይ ሌሎቹ ሁሉ ወጡ። እኔና እትዬ ብቻ ቀረን። አግዳሚው ወደ አንድ ሰባ አምስት ወጣ። ተራው የእኔ ነበር። ዳኛዋ፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ፣ ወረቀቷን ይዛ መጣች።

«እህስ ልጄ፣ እንዴት ነው?»

አግዳሚውን አየሁት። አልፈራሁትም! በዋዜማው ያሰብኩት ሁሉ ከየት መጥቶ የት እንደገባ እንጃ። ልቤ ሙሉ ሆነ። በዕድሜዬ እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

«አልፋለሁ!» አልኩ።

«እሺ» ብላ ጻፈች።

መነሻዬ ላይ ቆምኩ። ዳኛዋ ዞር አለች። «ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? አልፋለሁ አላልሽም እንዴ? ተቀመጪ እንጂ!»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኛ ዘንድ ዘላይ ለዳኛ «አልፋለሁ» ካለች፣ ይህን ከፍታ አልዘልም፣ ይለፈኝ፣ በሚቀጥለው እመለሳለሁ ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ... ከላዩ አልፋለሁ ማለቴ ነበር። እችለዋለሁ ማለቴ! ስንቱ ዘላይ ሲለው ሰምቼ የለም? «ተሳስቼ ነው» ብል ያበቃ ነበር። አንድ ቃል። አፌ አልከፈት አለ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ሄጄ ተቀመጥኩ።

እትዬ ዘለለች። መጀመሪያ ጣለችው። በሁለተኛው አግዳሚው ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ዳኛዋ ነጭ ባንዲራ አነሳች፣ ዘልላዋለች።

ቀጥሎ አንድ ሰባ ስምንት። ዘልዬው አላውቅም። እኔም ጣልኩት፣ እሷም ጣለችው፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። አንድ ሰባ አምስትን የዘለለችው እሷ ብቻ ስለሆነች አሸነፈች። ጭብጨባ ሆነ።

ላቅፋት ሄድኩ። እጇን አላነሳችም። ጆሮዬ ሥር፣ «አዘንሽልኝ?» አለች።

«እትዬ፣ አልፋለሁ ያልኩት እኮ...»

«ያልሽውን ሰምቻለሁ። ሜዳው ሁሉ ሰምቷል። ምጽዋት ለምኜሻለሁ እኔ?»

የካቲት 7

ተሳስቼ ነው። እውነት ተሳስቼ ነው። ግን ለምን በዚያች ቀን? ለምን በዚያ ቃል? ምላሴ ነው ወይስ ሆዴ ውስጥ ያደረው ነው የተናገረው? እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል...

የካቲት 11

በረዶውን እትዬ ራሷ ጉልበቷ ላይ አሰረች። እማ ደወለች። «እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለች፣ ከዚያ «አንቺስ የኔ ልጅ?» ደህና ነኝ አልኩ። ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋት። ለእማ ሳቀችላት። ስልኩን ስትመልስልኝ ግን ግድግዳውን እያየች ነበር።

ቅዳሜ ክፍሉን እለቅቃለሁ። ሻንጣዬን አሰርኩ። አሎሎ ወርዋሪዋ በር ላይ ቆማ አየችኝ። የሆነውን ነገርኳት። ለሰው ስናገረው መጀመሪያዬ ነው።

«ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ለእሷ ንገሪያት!»

«እንዴት ብዬ...»

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ያንቺ ግን ዝንቡ ከገባ በኋላ ነው የተዘጋው!»

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ።

የካቲት 13

ነገርኳት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ታጥፍ ነበር። ቀና ሳልል ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ቃሉ፣ አሰልጣኙ ስለነገረኝ፣ ልውደቅላት ብዬ ማሰቤንም ጭምር። ያኛውን ባልነግራት ይሻል ነበር? ግን ከነገርኩ አይቀር...

ካልሲውን ፈታችና እንደገና አጠፈችው።

«ስለዚህ ማናችንም አናውቅም» አለች።

«ምኑን?»

«አንቺ ያን ቀን ትዘይው እንደነበር። ጠዋት ጫማሽን ይዘሽ ሜዳ ነይ።»

የካቲት 14

ሜዳው ባዶ። ሣሩ ጤዛ። ፍራሹን ሁለታችን ጎተትን፣ በየመሃሉ እየወደቅን። አግዳሚውን ራሷ ሰቀለችው። አንድ ሰባ አምስት መስሎኝ ነበር። ቀርቤ ሳየው አንድ ሰባ ስምንት!

«እትዬ፣ ይሄንንማ...»

«ዝለይ።»

ሮጥኩ። ስነሳ እሷን አየሁ፣ በአንድ እግሯ ተደግፋ ቆማለች። እና ክንዴን... አዎ፣ ክንዴን ወደ አግዳሚው ዘረጋሁ። ወደቀ።

መጥታ ከላዬ ቆመች። እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

«እኔን? እኔን ነው በክንድ የምታታልዪው? ከዚህ ነገር ጋር ያረጀሁትን?» ከዚያ ድምፏ ዝቅ አለ። «ስሚኝ። ሰው አሸንፎኝ ብወጣ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። አንቺ ለቅቀሽልኝ ብቆይ ግን በምን ዓይኔ ነው የማይሽ? እዪው፣ ያሸነፍኩትን ሁሉ ነው የምትወስጂብኝ።»

አግዳሚውን መልሳ ሰቀለች።

ያን ጊዜ እሷን አላየሁም። ማንንም አላየሁም። ሰማዩ ብቻ ትዝ ይለኛል፣ ከዚያ ጀርባዬ ፍራሹን ሲነካ። ጸጥታ። አግዳሚው ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም።

እትዬ መጥታ አጠገቤ ተንጋለለች።

«አንቺስ አትዘይም?» አልኳት።

«የእኔንማ አውቀዋለሁ። ያላወቅኩት ያንቺን ነበር።»

የካቲት 16

አሰልጣኙን እትዬ ራሷ ሄዳ አነጋገረችው። ምን እንዳለችው አልነገረችኝም። ክፍል ስገባ የእኔን ልብስ ከሻንጣው አውጥታ መደርደሪያው ላይ መልሳ፣ በዚያው ሻንጣ የራሷን ታስር ነበር። ላግዛት ስል «ተቀመጪ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ?

የካቲት 23

ክፍሉ ሰፊ ነው። አልወደድኩትም።

መጋቢት 20

እትዬ መጣች! ከሄደች ጀምሮ ሜዳ አልመጣችም ነበር። ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ከተመልካች መቀመጫው ከላይኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብላ አየኋት። አሰልጣኙ ከታች ሆኖ «ነይ እንጂ፣ ውረጂና አግዳሚውን ስቀይልን!» አላት። «ዛሬ እንግዳ ነኝ፣ አትዘዘኝ!» አለችው።

አሰልጣኙን «አንድ ሰማንያ ላይ ያድርጉልኝ ጋሼ» አልኩት። ሳልጠየቅ። አየኝ፣ ከዚያ ሰቀለው። ጣልኩት። ደግሜ ጣልኩት። ግድ የለም።

ሲያበቃ ወደ እሷ ወጣሁ። አታየኝም ነበር። ዓይኗ ታች፣ ፍራሹ ጋ ነው።

«እትዬ? ምን ሆንሽ?»

«ከፍ ያለ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«አግዳሚው ነዋ! ከዚህ ቁጭ ብዬ አይቼው አላውቅም። ታች ሆኜ ሁልጊዜ ትንሽ ቀረኝ፣ ትንሽ ቀረኝ ስል ነው የኖርኩት። ለካ እንዲህ ከፍ ያለ ነው! አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም እኮ።»

አጠገቧ ተቀምጬ አየሁት። እውነቷን ነው።