ከባለቤቴ ጋር የተቀበረውን ስልክ እንዳስወግድ ላዘዙኝ ሥራ አስኪያጅ

ፎቶና ሰነድ በኢንተርኔት ለሚያስቀምጠው የደመና ማከማቻ ድርጅት፣ ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣
ፕሎቭዲቭ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ ለስልክዎም የማያልቅ ባትሪ እመኛለሁ። እኔ ቬሊችካ ዴልቼቫ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ የአሴኖቭግራድ ጡረተኛ ነኝ። ባለቤቴ ዛፕርያን ባለፈው ጥቅምት ካረፈ ወዲህ ድርጅትዎ የዋለልኝን ውለታ በአደባባይ ማመስገን ስለሚገባኝ፣ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ ሰጥቻለሁ።

1ኛ፦ ስለ ተስፋ ቃልዎ አመሰግናለሁ። ዛፕርያን ፎቶዎቹን በአደራ ሲሰጣችሁ፣ ስልኩ ቢጠፋ እንኳ ትዝታው እናንተ ዘንድ እንደሚቆይ ጽፋችሁልን ነበር። እኛ ዘንድ ሟች የሚወደውን ይዞ ይሄዳልና፣ ቃላችሁን አምኜ ስልኩን ባትሪውን ሞልቼ፣ ከመነጽሩና ከሲጋራው ጋር በኮቱ የደረት ኪስ ከተትኩለት። እህቱ ጊንካ «ተዪው፣ ይጠቅምሻል» ብላኝ ነበር፤ ፎቶው እናንተ ጋ አለ ብዬ አፏን አስያዝኳት።

2ኛ፦ ስለ ጥንቃቄዎ። በአንድ አካውንት ከሦስት መሣሪያ በላይ አይፈቀድም ብላችሁ አዲሱን ስልኬን ደጅ አስጠናችሁት። ቦታውን የያዙት መብረቅ የመታው ኮምፒዩተር፣ ሾርባ ውስጥ የወደቀው ታብሌትና የዛፕርያን ስልክ ናቸው። አሮጌ መሣሪያ ለማስወገድ ደግሞ ከሦስቱ በአንዱ ላይ «እፈቅዳለሁ» የሚለውን መጫን ግድ ነው። ከሦስቱ ደኅነኛው እንግዲህ ከመሬት በታች ያለው ነበር።

3ኛ፦ ስለ ሠራተኞችዎ ትሕትና። ለአራተኛ ጊዜ ስደውል ያነሣችው ልጅ ስልኩን በእጄ እንድይዝ ነገረችኝ፤ ባለቤቴ ጋ ነው አልኳት።

«እንግዲያው እሳቸው ይጫኑልዎታ፣ እናቴ። ብዙ ይቆያሉ እንዴ?»

«አዎ ልጄ፣ ይቆያል» አልኳት። በልጅቱ አልፈርድም፤ ፊቷ ያለውን ወረቀት ነው ያነበበችው።

የምፈልገው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። እንደሚያውቁት በአርባው፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ የሟችን ፎቶ ከማስታወቂያ ጋር በር ላይ እንለጥፋለን። ለሁለቱ የመታወቂያውን ፎቶ ተጠቀምኩ፤ በእሱ ላይ ዛፕርያን ዶሮ ሲሰርቅ የተያዘ ሰው ይመስላል። ለሙት ዓመቱ ግን በጓሯችን ቃሪያ ስንጠብስ፣ እጁ በጥላሸት ጠቁሮ በእኔ ሲስቅ በራሱ ስልክ ያነሣሁትን ፈለግሁ። ከዚያ በኋላ የኖረው አሥራ አንድ ቀን ነው።

4ኛ፦ ስለ መጨረሻው መፍትሔ። ማኅተም ያለበትን የሞት የምስክር ወረቀት ይዤ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ፤ በአክብሮት ተቀበሉኝ። በዘጠነኛው ቀን መልስ ደረሰኝ፦ «እንኳን ደስ አለዎት! የዛፕርያን ስልክ ከአካውንትዎ ተወግዷል። ከዚህ መሣሪያ የተቀመጠው ሁሉ አብሮ ተሰርዟል።» አካውንቱ ውስጥ ገብቼ አየሁ፤ ባዶ ነው። በቀብሩ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። አንዱን ቅጂ በገዛ እጄ ቀበርኩት፣ ሌላውን እናንተ፤ ራሴንም እናንተንም ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ባጸዳችሁልኝ ሰፊ ቦታ መካከል ቆሜ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ቃላችሁን ያመነች ደንበኛችሁ፣

ቬሊችካ ዴልቼቫ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሙት ዓመቱን ማስታወቂያ የፎቶውን ቦታ ባዶ ትቼ አሳተምኩት። አንዱን በበራችን፣ አንዱን በቢሮዎ የመስታወት በር ላይ ከጊንካ ጋር ለጥፈናል፤ ትዝታው እናንተ ዘንድ ነው ብላችሁ የለ። ለዘበኛዎ ከሙት ዓመቱ ንፍሮ ሰጥቼው «ነፍስ ይማር» ብሎኛል፤ ከድርጅትዎ ይህን ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት በአገራችን ዝናብና ፀሐይ እንጂ የሰው እጅ አያነሣውም። ማስወገድ ካስፈለጋችሁ ግን ዛፕርያንን አስፈቅዱ፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው።