ጨረቃ አልወጣችም ያለው ቴሌስኮፕ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እማዬ ደህና ናት፤ እኔ ግን ግራ ገብቶኛል። ባለፈው ስትደውል «የቴሌስኮፑ ሞተር በትክክል መሥራቱን አረጋግጪና ጻፊልኝ» ብለህ ለምን እንደሆነ ሳትነግረኝ ዘጋኸው። ልትመጣ ነው ወይስ በሰው ልታስወስደው? እማዬ እንደሆነች አንዴ ሊመጣ ነው ብላ ቆርጣለች። የክፍልህን መጋረጃ አጥባ ሰቅላ፣ ፍራሽህን ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች። ክፍልህን ላንተ ብላ ስለምትጠብቀው እኔ ዛሬም የምተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው፤ ወገቤን አትጠይቀኝ።

ያልከኝን አደረግኩ። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተክዬ፣ አቧራውን ጠርጌ ኤሌክትሪክ ላይ ሰካሁት። ወደ ቀኝ ስለው ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ስለው ወደ ላይ ይሄዳል። ድምፁ ያው እንደ ድሮው ጉሮሮውን እንደሚጠራርግ ሽማግሌ ነው። እሰየው ብዬ «ጨረቃ» የሚለውን ስጫነው ግን ንቅንቅ አልል አለ። መቆጣጠሪያው ላይ «ጨረቃ አልወጣችም» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ቀና አልኩ። ጨረቃ ከጎረቤት ጣሪያ በላይ፣ በጠራው ሰማይ ላይ ነጣ ብላ ቁጭ ብላለች። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። እኔ ነኝ ያበድኩት ብዬ እማዬን ጠራኋት።

«እማዬ፣ ጨረቃ ወጥታለች አይደል?»

«ምን ነካሽ ልጄ? ያቻትና።»

ቢቸግረኝ ወዳጅህን መነጽር ሠሪውን ለምኜ አመጣሁት። ነገሩን ስነግረው ሳቀ።

«ይሄ እኮ ሰማዩን አያይም። ያለበትን ቦታ ትነግሪዋለሽ፣ እሱ ያንን አምኖ ያሰላል። የት ነህ አልሽው?»

«ኧረ እኔ ምንም አላልኩትም።»

መቆጣጠሪያውን ሲነካካ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ አዞረልኝ። የተጻፈው የኛ ከተማ ስም አይደለም፤ አንተ አሁን ያለህበት ከተማ ስም ነው። ለካ የሚፈልገው ያንተን ጨረቃ ነበር፤ እሷ ደግሞ እዚያ ገና አልወጣችም።

ከሄድክ ወዲህ ማንም አልነካውም። ስለዚህ ያስተካከልከው ሳትሄድ ነው፤ እማዬን «ስልጠናው አጭር ነው፣ ሳልናፍቃችሁ እመለሳለሁ» ባልክበት ሰሞን። ምን ማለት ነው ወንድም ጋሼ? የዚያን አገር ሰማይ ለማየት ጓጉተህ ስትሞክረው መመለሱን ረስተህ ነው? አብረኸው ልትሄድ አስበህ ሻንጣው እምቢ ብሎህ ነው? ወይስ ያኔውኑ ልብህ ሸፍቶ ነበር? አንዴ እናደድብሃለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ታሳዝነኛለህ። ብቻህን በረንዳው ላይ ቆመህ ያንን ከተማ ስትመርጥ ይታየኛል።

የኛን ከተማ መርጬ እንደገና «ጨረቃ» አልኩት። ዞረ፣ ቀና አለ፣ ቆመ። ጨረቃ መሐል ላይ ገብታለች። መነጽር ሠሪው ሻይ እስኪጠጣ ጠብቀን ብናየውም አልለቀቃትም፤ እግር በእግር እየተከተላት ነው። እማዬም ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

«ታዲያ ቅድም ለምን አልወጣችም አለ?» አለች።

መነጽር ሠሪው ሰረቅ አድርጎ አየኝ። «ሌላ አገር ያለ መስሎት ነው እናቴ።»

«ሞኝ» አለች እማዬ እየሳቀች፣ «እዚሁ ቤቱ ቆሞ?»

መነጽር ሠሪው አንገቱን ደፋ። እኔም ብርጭቆውን አንስቼ ወደ ኩሽና ገባሁ።

እንግዲህ የጠየቅከኝ ይኸው፦ ሞተሩ በትክክል ይሠራል። የምትመጣ ከሆነ እንዳለ ይቆይሃል። ላኪልኝ ካልከኝም አሠራሩን ስለተማርኩ፣ ወደ አንተ ከተማ መልሼ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እልክልሃለሁ፤ አልቀየምህም። ብቻ እውነቱን ጻፍልኝ። ስትጽፍም በኔ ስም አድርገው። እማዬ ፊደል ትቆጥራለችና፣ ከኔ አፍ ሳትሰማው እንዳታነበው።

ታናሽ እህትህ