መቀመጫውን ሳትጠይቅ አትግፋ፦ የጋሽ ቢጫ የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ጋሽ ቢጫ ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸውና ሰዓት ጠጋኝ ከነበሩት አባታቸው በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት የእናታቸው የስፌት መኪና በቆመችበት፣ ደጃፉ ወደ መንገድ በሚከፈት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አዋላጇ ገና እንዳቀፏቸው “እናንተ! ይኼ ልጅ እግር ብቻ ነው እንዴ?” ብለው እንደነበር እናታችን ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩት ኖረዋል። አዋላጇ አልተሳሳቱም። ጋሽ ቢጫ ገና በአሥራ አራት ዓመታቸው የአባታቸውን ቁመት አለፉ፤ ብዙም ሳይቆዩ የበሩን መቃን በግንባራቸው እየገጩ መግባት ጀመሩ። ይህ የእግራቸው ነገር በኋላ የሕይወታቸውን ትልቁን ስሕተትና ትልቁን ድል ያመጣ ስለሆነ ከወዲሁ ልብ ይባልልን።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። በሁሉም ጎበዝ ነበሩ ብንል እዚህ የተቀመጡት የክፍል ጓደኞቻቸው ስለሚስቁብን አንልም። በሒሳብና በፊዚክስ የሚያህላቸው አልነበረም፤ የቀረውን እግዜር ይወቀው። አባታችን የሙያቸው ወራሽ ሊያደርጓቸው ብዙ ደክመዋል። ሆኖም የጋሽ ቢጫ ጣት ከሰዓት ጋር አልተስማማም፤ አንዲት ብሎን ሲያነሡ ሦስቱን ይደፉ ነበርና አባታችን አንድ ቀን አጉሊ መነጽራቸውን አውልቀው “ልጄ፣ አንተ ተለቅ ያለ ነገር ፈልግ” አሏቸው። ተለቅ ያለው ነገር መኪና ሆነ። በ1971 ዓ.ም. ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው በአውቶ ኤሌክትሪክ ተመረቁ። ከዚያም በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ጋራዥ እስከ 1985 ዓ.ም. ካገለገሉ በኋላ፣ ቦዲ ሠሪ ከሆኑት ታናሽ ወንድማቸው ጋር የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ታናሽየው ቀኑን ሙሉ ይቀጠቅጣሉ፣ ታላቅየው ጸጥታ ይፈልጋሉ። ሁለቱ በአንድ ግቢ ሳይገዳደሉ እንዴት እንደኖሩ እስከ ዛሬ አልገባንም።

ቢጫ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የጋራዡ ሠራተኞች ናቸው። በመኪና ውስጥ የኤርባጉና የቀበቶ ሳቢው ገመድ የሚያያዘው በቢጫ ሶኬት ነው። ቀበቶ ሳቢ ማለት፣ ለማታውቁት፣ መኪና ሲጋጭ ሰው ወደ ፊት ከመወርወሩ በፊት ቀበቶውን ጥርቅም አድርጎ ወደ መቀመጫው የሚስብ፣ ውስጡ ትንሽ ባሩድ ያለበት ዕቃ ነው። በዕድሜው አንዴ ብቻ ይሠራል። መኪናው የሳቢው ገመድ ደህና መሆኑን ሞተር በተነሣ ቁጥር ይፈትናል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የማስጠንቀቂያ መብራት ለአፍታ በርታ ትጠፋለች፣ ጉድለት ካለ ግን እንደበራች ትቀራለች። ታዲያ ባትሪው ተፈትቶ ጥቂት ሳይቆይ ቢጫውን ሶኬት የነካ ሠራተኛ የተገኘ እንደሆነ ግቢው ይናወጥ ነበር። “እጅህን አንሣ! ባሩድ ነው እኮ፣ የዝናብ መጥረጊያ መሰለህ?” ይሉ ነበር።

ሳቢውን ራሱን በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ መለካትም በእሳቸው ግቢ ክልክል ነበር፤ የቴስተሩ ኤሌክትሪክ ሊያፈነዳው ይችላልና። በምትኩ ሳቢውን ነቅለው፣ “ማስመሰያ” የሚሏትን ትንሽ ሬዚስተር በቦታው ሰክተው፣ ገመዱን ብቻ ይፈትኑ ነበር። ማስመሰያዋ ስትገባ መኪናው ሳቢው ያለ ይመስለዋል፤ መብራቷም ትጠፋለች። ጉዱም እዚህ ላይ ነው። ማስመሰያዋን እዚያው ትቶ መኪናውን ማስረከብ ይቻላል። መብራቷ ጠፋች፣ ባለቤቱ ደስ አለው፣ ቀበቶው ግን በአደጋ ቀን አይስብም። ይህን የሚያደርጉ ጋራዦች ነበሩ። እነሱም ዛሬ ለቅሶ ስለደረሱን ስማቸውን አናነሣም። ጋሽ ቢጫ ግን በማስመሰያዋ ላይ ከእናታቸው የስፌት ዕቃ የወሰዱትን ክንድ የሚያህል ቀይ ጥብጣብ አሰሩባት። ጥብጣቡ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ሳይመለስ ከግቢው መኪና አይወጣም ነበር።

በ1991 ዓ.ም. አንዲት ሾፌር የሆስፒታል ነርሶችን የሚያመላልሱባትን ትንሽ ነጭ መኪና ይዘው ወደ ጋራዡ መጡ። ሾፌሯ አጭር ናቸው። አጭር ስንል፣ እዚሁ መሐላችን ተቀምጠዋልና በልክ እንናገር፤ መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ካልሳቡት ፍሬኑን አይደርሱበትም። የቀበቶዋ መብራት አልጠፋ ብላቸው ሁለት ጋራዥ ዞረዋል። አንደኛው የቀበቶውን መቆለፊያ ከነሳቢው ቀየረ፤ ሁለተኛው የኤርባጉን መቆጣጠሪያ ሳጥን ቀየረ፤ መብራቷ ግን ፍንክች አላለችም። ሆስፒታሉ ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት መኪኖቹን ሊመረምር ነው፤ መብራት የበራበት መኪና ከሥራው ይሰናበታል። ሾፌሯ ሁለት ታናናሾቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያችው መኪና ነበር።

ጋሽ ቢጫ ኩራተኛ ነበሩ፤ አንደብቅም። “ሻይሽን ጠጥተሽ ተመለሺ፣ ትደርስልሻለች” አሏቸው። መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፍተው ገቡ፣ መመርመሪያ ኮምፒዩተሩን ሰኩ። የሾፌሩ ቀበቶ ሳቢ መስመር ተቋርጧል ይላል። ባትሪውን ፈቱ፣ ጠበቁ፣ ማስመሰያዋን ሰኩ፣ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተኑት። ምንም የለበትም። ሁሉን መልሰው ገጥመው ስሕተቱን ከኮምፒዩተሩ ሰረዙ፤ መብራቷ ጠፋች፤ ሾፌሯ መርቀዋቸው ወጡ። ገና ከበሩ ሳይርቁ ተመለሱ። በርታለች። ጋሽ ቢጫ መቀመጫውን ገፍተው እንደገና ገቡ። አሁንም ገመዱ ደህና ነው። እንደገና ሸኟቸው፤ እንደገና ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ሾፌሯ “ጋሼ” ማለቱን ትተው “ስማ አንተ ሰውዬ” ላይ ደርሰው ነበር።

“መብራቷን አጥፋልኝ አልኩህ እንጂ ስትበራ ስትጠፋ አሳየኝ አልኩህ?” አሉ።

ጋሽ ቢጫ ለሦስተኛ ጊዜ መቀመጫውን ገፍተው ገብተው ስሕተቱን ሰረዙ። መብራቷ ጠፋች። ለምን እንደምትበራ ግን አሁንም አላወቁም። ይኼኔ ታናሽ ወንድማቸው መዶሻቸውን አስቀምጠው ጠጋ አሉ። “ተው እንግዲህ፣ ማስመሰያዋን ሳጥኑ ጋ ሰክተህላት ትሂድ። ነገ ከምርመራው በኋላ ታመጣታለች። ማን ያያል?” አሏቸው። ከክፋት አልነበረም፤ የሾፌሯ ዐይን እንባ አቅርሮ ስላዩ ነው። ሾፌሯም ሰምተው “እንዲህ ቀላል ከሆነ ታዲያ ምን ያደርቀናል?” አሉ።

ጋሽ ቢጫ ቀዩን ጥብጣብ በጣታቸው ጠቀለሉ። ስማቸው መሬት ወድቋል፤ የሰው መተዳደሪያም እጃቸው ላይ ነው። ቢሆንም “አይሆንም” አሉ። “መብራቷ አልዋሸችም፤ ያልገባኝ እኔ ነኝ። እሷን ዝም ካሰኘኋት፣ አንቺ በተጋጨሽ ቀን ማን ይስብሽ?” ሾፌሯ የመለሱላቸውን ስድብ ቤተሰቡ በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ ለዚህ ቦታ ስለማይሆን አልጻፍነውም።

ስድባቸውን እንደጨረሱ መኪናቸውን ይዘው ሊሄዱ ዘለው ገቡ። ጋሽ ቢጫ በተከፈተው በር አጠገብ ተንበርክከው ዕቃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ሞተሩ ተነሣ፤ መብራቷ በርታ ጠፋች። ሾፌሯ እንደ ልማዳቸው መቀመጫውን ከሥሩ ይዘው ወደ ፊት ሳቡት። ቀጭ አለ። መብራቷ በራች።

“እንዳትነቃነቂ!” ብለው ጮኹ ጋሽ ቢጫ፤ ወንድማቸው መልሰው ያነሡትን መዶሻ በገዛ እግራቸው ላይ ጣሉት። “እዚያው! በእናትሽ፣ እዚያው ሁኚልኝ!”

ሞተሩን አስጠፍተው፣ ባትሪውን ፈትተው፣ ጥቂት ጠብቀው በሆዳቸው ተኙና በእጅ መብራት ከመቀመጫው ሥር አዩ። ከመቀመጫው ጋር የሚንቀሳቀሰውን የሳቢውን ገመድ የሚይዘው ክሊፕ የለም። መቀመጫው እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ሲሳብ ገመዱ ይወጠርና በቢጫው ሶኬት ውስጥ ያለችው ጫፍ ለፀጉር ያህል ታፈገፍጋለች፤ ወደ ኋላ ሲገፋ ተመልሳ ትገጥማለች። የሁለቱ ጋራዦች ሠራተኞችም፣ ጋሽ ቢጫም፣ ሁሉም ረጃጅም ናቸው። ሁሉም ከመግባታቸው በፊት መቀመጫውን እየገፉ ብልሽቱን በገዛ እጃቸው ይደብቁት ነበር። ጋሽ ቢጫ “እግሬ ነው! እግሬ ነው!” እያሉ በግቢው ሲዘሉ፣ ጎረቤታችን ጎማ ጠጋኙ እግራቸው የተሰበረ መስሏቸው ሮጠው መጡ።

ጫፏን ቀየሩ፤ ገመዱ ሳይወጠር እንዲንቀሳቀስ በአዲስ ክሊፕ አሰሩት፤ ጥብጣቡን ወደ ምስማሩ መለሱ። ከዚያ ሾፌሯን በራሳቸው መቀመጫ፣ በራሳቸው ልክ አስቀምጠው፣ እሳቸው ከጎን ሆነው በሰፈሩ ጉድጓዳም መንገድ ሁሉ አስነዷቸው። መብራቷ አልበራችም። በማግሥቱም መኪናዋ ምርመራውን እልል በሚያሰኝ ሁኔታ አለፈች።

ሾፌሯ ሊያመሰግኑ መጡ። በሳምንቱም መጡ፤ መኪናዋ ምንም አልሆነችም። በወሩም መጡ፤ አሁንም ምንም አልሆነችም። ታናሽ ወንድማቸው “አንተ፣ የዚችኛዋንስ ብልሽት መቼ ነው የምታገኘው?” ሲሏቸው ነው ጋሽ ቢጫ የባነኑት። በ1992 ዓ.ም. ተጋቡ። በ1993 ሴት ልጅ፣ በ1996 ወንድ ልጅ ወለዱ። ጋሽ ቢጫ የባለቤታቸውን መኪና ማንቀሳቀስ ሲኖርባቸው መቀመጫውን አይገፉም ነበር። ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው፣ እንደ ጃንጥላ ታጥፈው ይነዱ ነበር። ሰፈሩ ሲስቅባቸው “የሷ ቦታ ነው፣ ምን አገባኝ” ይሉ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ዝናብ በሚጥልበት አንድ ረፋድ፣ ባለቤታቸው ነርሶቹን አድርሰው ሲመለሱ፣ ፍሬን የከዳው የጭነት መኪና አደባባዩ ላይ ፊት ለፊት ገጫቸው። የነጭዋ መኪና አፍንጫ ተጨፍልቆ ገባ። ጋራዡ ውስጥ ስልክ ተደወለ፤ ጋሽ ቢጫ አነሡ።

“ሳበኝ” አሏቸው ባለቤታቸው።

ጋሽ ቢጫ ስልኩን እንደያዙ ወለሉ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና እየሳቁ አለቀሱ። ባለቤታቸው ደረታቸው በቀበቶው ልክ በልዞ ነበር እንጂ በገዛ እግራቸው ከመኪናዋ ወርደዋል። ቤት ሲገቡም “ቀስ ብሎ መሳብ አይችልም ነበር?” ብለው ተቆጥተዋል። ያን ዕለት ማስመሰያዋ ተሰክታ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ልጆቻቸው ያለ እናት ባደጉ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወንድማቸው ቦዲ ሠሪው ደግሞ ከሁላችንም ይበልጥ ያውቃሉ። መኪናዋን ቀጥቅጠው መልሰው ያቆሟትም እሳቸው ናቸው።

ሥራውን የጨረሰውን ቀበቶ ጋሽ ቢጫ ፈትተው በአዲስ ተኩ፤ አሮጌውን በጋራዡ ግድግዳ ላይ ከጥብጣቡ ጎን ሰቀሉት። ከሥሩም በቢጫ ቀለም “መቀመጫውን ሳትጠይቅ አትግፋ” ብለው ጻፉ። የነዚያን የሁለቱን ጋራዥ ባለቤቶችና ማስመሰያ የሚተዉትን ሁሉ ጠርተው፣ ሻይ ጋብዘው፣ ቀበቶውን አስጨበጧቸው፤ ማስመሰያ ትቶ መሸኘት በዚያው በከተማው ቀረ። ዛሬ በየጋራዡ ብትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ “የሚነዳው ማነው? እስቲ እንደምትቀመጠው ተቀመጥ” ነው። ይህን ያመጡት ወንድማችን ናቸው፤ ብንኮራ አይፈረድብን።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። የተኙበት ሆስፒታል ባለቤታቸው ነርሶቹን የሚያመላልሱበት ስለነበር እንደ ቤተሰብ ነው የያዟቸው። አንድ ቀን ከአልጋቸው ጎን ያለው ማሽን ዝም ብሎ ይጮህ ጀመር። ጋሽ ቢጫ በደከመ ድምፅ “ራስጌዬን ዝቅ አድርጊው እስቲ” አሏት ነርሷን። ጩኸቱ ቆመ። “አሁን ከፍ።” ጮኸ። “አየሽ፣ ገመዱ ተወጥሯል፤ ለቀቅ አድርጊው።” ነርሷ እየሳቀች አላላችው፤ ማሽኑም ጸጥ አለ። ያን ቀን ሊጠይቃቸው ለገባ ሁሉ ሲያወሩት ዋሉ። ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዟቸው፣ በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸውን ሾፌሯን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ቦዲ ሠሪውን ታናሽ ወንድማቸውን፣ ይህን የጻፈችውን ታናሽ እህታቸውንና ሙያ ያስተማሩትን ለቁጥር የሚያዳግት ሰው ትተው ሄደዋል። በጣም ናፍቀውናል፤ ገና በአንድ ሳምንቱ ቤቱ ሰፋብን። ሰውን ከአደጋ ሲጠብቁ ኖረዋልና ፈጣሪ ነፍሳቸውን በእቅፉ ይጠብቅልን፤ ለደከመው እግራቸውም እስከሚበቃው ድረስ የሚዘረጋበት ሰፊ ማረፊያ ይስጥልን። እናንተም ከዚህ ስትመለሱ፣ ለሳቸው ስትሉ፣ ቀበቶአችሁን እሰሩ፤ መብራቷ በርታ እስክትጠፋ ሳትጠብቁ አትንቀሳቀሱ።

ዛሬ ጠዋት እናቱን በነጭዋ መኪና ይዞ የመጣው ቁመቱ አባቱን ያከለው ወንድ ልጃቸው ነው። ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ፣ ታጥፎ፣ እንባው እየወረደ ነዳ እንጂ መቀመጫውን አልገፋም።