እንደ ሙሽራ ያሰናዳኋት ፖስት ካርድ

የካቲት 3፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ጉርድ ፎቶ። ጉርድ ፎቶ። አሁንም ጉርድ ፎቶ። መታወቂያ የሚያወጣ ሁሉ ጆሮዬ ይታይ አይታይ እያለ ይጨቃጨቀኛል። መብራት ሄደ። ከፎቶ ቤቴ ወጣሁ። ባልወጣሁ!

ዘይነባ ከመንገዱ ማዶ፣ በረንዳዋ ላይ ነጭ ነጠላ አንጥፋ ተንበርክካለች። ለሶላት እንዳይመስልህ ደብተሬ፤ ለቴምብር ነው። አሮጌ ቴምብርና ፖስት ካርድ እየደረደረች በስልኳ ታነሳለች። ፎቶውን ዱባይ ላለች እህቷ ትልካለች፣ እህቷ ኢንተርኔት ገበያ ላይ ትለጥፋለች፣ ፈረንጅ ይገዛል። ዘይነባ ራሷ ዱባይ ተቀጥራ የኖረችበት ቤት ጌታ ቴምብር ሰብሳቢ ነበር አሉ። አቧራውን ስታራግፍ ሙያውንም አራግፋ መጣች።

ግማሽ መካነ ሰላም ከቧታል። የዚህ ሰፈር ፎቶ አንሺ እኔ ነኝ። ካሜራ አለኝ፣ ፍላሽ አለኝ፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ አለኝ። እሷ ስልክና ነጠላ። ሕዝቡ ግን ጀርባውን ለፏፏቴዬ ሰጥቷል።

አልቀናሁም። ይመዝገብልኝ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ቀንቻለሁ። የሰኞው ይሰረዝ።

ጋሽ ይማም ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙት ቴምብርና ካርድ የብስኩት ቆርቆሮ ሞልቷል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ደሴ ወርደው ሊታከሙ ነው። ለመታከሚያ ቆርቆሮውን ይሸጣሉ። ፎቶ የምታነሳው ማን ናት? ዘይነባ!

ተከራከርኩ። የልጅዎን ሰርግ ማን አነሳ? እኔ። የኢድ ፎቶዎን ማን አነሳ? እኔ። ሳቁ። «አብሽር፤ አንተም ልጄ ነህ፣ ተካፈሉት» አሉ። ቆርቆሮው ለሷ፣ አንዲት ፖስት ካርድ ለኔ።

አንዲት! ግን ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚሁ ከመ/ሰላም ወደ ውጭ አገር ተልካ፣ ተቀባይ አጥታ የተመለሰች። «አደራ፣ ይቺ ዓይኔ ናት።»

ለምን እንደምትበልጥ አልጠየቅኩም። ባለሙያ አይጠይቅም።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ካርዷን እንደ ሙሽራ አሰናዳኋት። ቴምብሩ ያለበትን ገጽ ወደ ካሜራው፣ ፏፏቴው ከኋላ። ፍላሽ። ከዚያ ኮምፒውተር። በአራቱም ጥግ ጽጌረዳ። ብጫነቷን አነጣሁ፤ ከዚህ ቤት ፊቱ ሳይነጣ የወጣ ሰው የለም። ቴምብሩ ላይ አንድ ክብ ጥቁር ነገር ተደፍቶበት ነበር፤ እንደ ብጉር አጠፋሁት። የተቀደደ ጥጓን ደፈንኩ። ትናንት የታተመች ትመስላለች። ልድራት ምንም አልቀረኝም።

ለዘይነባ በብሉቱዝ ሰጠኋት። ወደ ገበያ እየተጣደፈች ነበር፤ ሳታየው ለእህቷ አስተላለፈችው። ያላየች መስላ ነው እንጂ አይታለች። አይታም ቀንታለች። ደስ ሲል!

የካቲት 10፣ ሰኞ

የሷ ቴምብሮች እየተሸጡ ነው። የኔን ሙሽራ የጠየቀ የለም።

ፎቶዎቿን ስልኳ ላይ አየሁ። ቴምብሩን ከማስመሪያ አጠገብ አስተኝታ፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ እድፉን ሳይቀር! የጠርዙ ጥርስ የጎደለ ቴምብር ከነጉድለቱ አደባባይ ወጥቷል። ነውር አይደለም? እኔ የአንድ ሹምን ሙሉ ጠባሳ ያጠፋሁ ሰው ነኝ።

ከሰዓት የቀበሌ ስብሰባ። ዘይነባ ሞዴል ሥራ ፈጣሪ ተባለች። ተጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሁለቱ እጆቼ እርስ በርስ እየተጣሉ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ወየው ደብተሬ።

ዘይነባ ጋሽ ይማምን እጃቸውን ይዛ መጣች። ደንበኛ ማስቀመጫው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፣ እኔን ወደ መጋረጃው ጎተተችኝ፣ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደገነች።

«ማኅተሙን የት ከተትከው?»

የምን ማኅተም?

«ክቡን! ጥቁሩን!»

ለካ ብጉሩ የፖስታ ቤት ማኅተም ኖሯል። የከተማችን ስም ያለበት። ጋሽ ይማም በጉልምስናቸው በገዛ እጃቸው የመቱት። አንድ ገዥ የትንንሽ ከተሞችን ማኅተም ይሰበስባል፤ ካርዷ ከመ/ሰላም የተላከች መባሏን አይቶ የፈለጋት ለዚያች ክብ ብቻ ነው። አነጣጥቼ፣ ጽጌረዳ ደፍቼ ሳቀርብለት ይቺ የውሸት ናት ብሎ ትቷታል።

ጋሽ ይማም ከወንበሩ ላይ ሆነው ምን ተፈጠረ ልጆቼ አሉ። እኔ የመጋረጃውን ፏፏቴ ማቃናት ጀመርኩ።

ዘይነባ ቀደመችኝ። «ምንም አይደል ጋሽዬ፣ መብራት ጠፍቶበት ፎቶው ጨልሞ ነው። ደግሞ ያነሳዋል።»

«አላህ ያግራው» አሉ። እኔን እየመረቁ እኮ ነው።

በደግነትም በለጠችኝ! ብትሰድበኝ እችለው ነበር። ደግነቱ እርግጥ በሩ ላይ አለቀ፤ «አንተ ሰው፣ አያቴን ባመጣልህ ኮረዳ አድርገህ ትመልስልኝ ነበር» ብላኝ ወጣች።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ግምገማ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢ፦ እኔ። ተሰብሳቢ፦ እኔ። ቃለ ጉባኤ፦ አንተ።

ሂስ፦ ቀንተሃል። ግለ ሂስ፦ በጣም። የአፈጻጸም ችግር ነው ብዬ ልከላከል ሞከርኩ፤ የአመለካከት ነው ተባልኩ። ጋሽ ይማም ዓይኔ ናት ብለው የሰጡኝን ዓይን ነው ያጠፋሁት። በዚህ ላይ ተቃውሞ አልቀረበም።

ውሳኔ፦ መስኮቱ ይከፈት። ፎ/ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ በጥቁር ጨርቅ እንደተጋረደ ነው። ብርሃን ከኔ ፍላሽ ውጭ እንዳይገባ!

የካቲት 17፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ጨርቁም ወረደ። አቧራው አንድ ኩንታል ይሆናል። ፏፏቴውን ጠቀለልኩት።

የዘይነባን ነጠላ ተዋስኩ። (ይህ መስመር ለማንም አይነበብ።) ካርዷን በጠዋት ፀሐይ አስተኛኋት። አላነጣሁም፣ አልሰፋሁም፣ ብጉር አልነካሁም። የተቀደደው ጥግ እንደተቀደደ። ማኅተሙ ቁልጭ ብሏል፤ «መካነ ሰላም» ይላል። እጄ ጽጌረዳ አማረው። ተቆጣሁት።

ዘይነባ ፎቶውን አየችው፤ ሁለት ጊዜ። ላከችው።

የካቲት 19፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ገዥው መለሰ! ሌላኛውን ገጽ አሳዩኝ ብሏል። የማይፈልግ ሰው ሌላኛውን ገጽ አይጠይቅም ትላለች ዘይነባ። ጋሽ ይማም ገና ካሁኑ የደሴው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ እያጠያየቁ ነው።

ግን ስማኝ። የመስኮትህ ብርሃን ከበረንዳዬ ይሻላል አለችኝ። አመሰገንኩ። ሳመሰግን ነጠላዋን፣ ማስመሪያዋን፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ ተሸክማ ገባች። አሁን እዚሁ ተንበርክካለች። ፀሐይዋ እንደሆን ስንት ዘመን ጨርቁን ስትደበድብ ኖራ፣ ለኔ ሳይሆን ለሷ ወለል ብላ በራች። በገዛ መስኮቴ ቀናሁ! እንዲህ ያለ ቅናት ደግሞ በታሪክ...

ትጠራኛለች። ጥላህ ካርዷ ላይ አርፏል፣ ዘወር በል ትላለች። በገዛ ቤቴ!

ዘወር ልበል።